ጣራውን አትፍሩት፦ ለእድራችን ማድ ቤት ስለ ጭስ ማውጫ የተደረገ ንግግር

(ደብረ ብርሃን፣ በሰፈራችን እድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። በዕለቱ ያልተገኙ አባላት ስለጠየቁኝ በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አላችሁ። ሊቀመንበራችን ባለፈው ወር «ማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ ሊሠራለት ነው፤ በየት በኩል እንደሚወጣና በምን እንደሚሠራ አስረዳን» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ሃያ ዓመት ያህል ላሜራ ስቆርጥና ሳጥፍ ኖሬአለሁ። ብዙ ጭስ ማውጫ ሠርቻለሁ፤ ያፈረስኩትም ጥቂት አይደለም። ዛሬ የምነግራችሁ አብዛኛውን የተማርኩት ካፈረስኳቸው ነው።

የመጀመሪያውን የሠራሁት ለእናቴ ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ እጄ ገና ሙያ መልመዱ ነው። የቆርቆሮ ጣራ መብሳት ፈራሁ። ክረምት ሲመጣ ቢያፈስስ ምን እላታለሁ ብዬ ግድግዳውን ከጣራው ክፈፍ በታች ቀደድኩና ቧንቧውን ጎሚቶ በምንለው እንደ ክርን በታጠፈ መገጣጠሚያ አጥፌ ወደ ውጭ አወጣሁት። ከግድግዳው ያለፈው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነበር። በሠራሁበት ቀን ንፋስ አልነበረም፤ ጭሱ ወጣ፣ እናቴም መረቀችኝ። ከወራት በኋላ ስመለስ ቧንቧው አፍ ላይ ጨርቅ ተወትፎ አገኘሁ። ንፋስ በመጣ ቁጥር ጭሱ ተመልሶ ፊቷ ላይ ይደፋ ነበርና ደፍናው ነበር። ለእኔ ግን አንድም ቀን አልተናገረችኝም፤ ቅር እንዳይለኝ ብላ ነው። ያን ጨርቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ሐሳቤን ከመጀመሪያው በግልጽ ልናገር። ጭስ ማውጫ በጣራ በኩል፣ ቀጥ ብሎ፣ ከጣራው አናት በላይ ከፍ ብሎ መውጣት አለበት። ሌሎች አማራጮችም አሉ፤ እነሱንም እዘረዝራለሁ። ነገር ግን «ጣራው ያፈስሳል» የሚለው ፍርሃት ወስኖልን ግድግዳ መብሳት የለብንም።

ለምን ቀጥ ብሎ? የሞቀ አየር ይቀላል። ቧንቧው ውስጥ ያለው ትኩስ ጭስ ከውጭው ቀዝቃዛ አየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱ ሲሄድ በምድጃው አፍ በኩል አዲስ አየር እየተከተለ ይገባል። ጭሱን የሚጎትተው ሌላ ኃይል የለም። ጉልበቱ ከሁለት ነገር ይመጣል፤ ከቧንቧው ቁመትና ከጭሱ ሙቀት። ቧንቧው ካጠረ ወይም ጭሱ መንገድ ላይ ከቀዘቀዘ ጉልበቱ ያልቃል። በ90 ዲግሪ የታጠፈ ጎሚቶ ደግሞ ካለው ላይ ይቀንሳል። ማጠፍ ግድ ከሆነ በ45 ዲግሪ ይታጠፍ፤ ከሁለት ጊዜ በላይም አይታጠፍ።

እዚህ ላይ የእኛ ከተማ የራሷ ጉዳይ አላት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ግፊቱ ሰባ ከመቶ አካባቢ ነው። አየሩ ሲሳሳ በትኩሱና በቀዝቃዛው መካከል ያለው የክብደት ልዩነትም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ቧንቧውም የሚጎትትበት ኃይል ይደክማል። በስሌት ስናየው የጭሱም የውጭው አየርም ሙቀት እዚያም እዚህም ያው ቢሆን፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 3 ሜትር ቧንቧ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ለማግኘት 4 ሜትር ከ20 ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ በቆላ ከተማ የተሠራ አይታችሁ «እዚያ እኮ አጭር ነው፣ ግን ይሠራል» ብትሉኝ እውነታችሁን ነው፤ የእኛ ግን ይርዘም።

አንድ አባት ቀደም ብለው «አባቶቻችን በጭሱ ውስጥ ኖረው አርጅተዋል፤ ጭስ እኮ ጣራ ያጠነክራል» ብለውኛል። ንግግራቸውን ንቄ አላልፈውም። በሣር ክዳን ቤት ጭሱ ሣሩን ከነፍሳት ይጠብቅለታል፤ ገበሬው ለዘር ያሰበውን ከምድጃው በላይ ሰቅሎ ከነቀዝ ያድነዋል። ያ ጭስ ሥራ ነበረው። የእኛ ማድ ቤት ግን ቆርቆሮ ነው፤ ዘርም አይሰቀልበትም። እዚያ ውስጥ ጭሱን የሚቀበለው የእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና ከሰል ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ብሎ ገምቷል። በጭስ ውስጥ የሚያድግ ሕፃን የሳንባ ምች የመያዙ ዕድል እጥፍ ገደማ እንደሚሆንም ይኸው ድርጅት ይናገራል። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ለሦስት ቀን እንጀራ የሚጋግሩልን፣ ሕፃን በጀርባ አዝለው ምጣድ ሥር የሚቆሙት እነማን እንደሆኑ እናንተው ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ አማራጮቹ ልግባ። መጀመሪያ ያንን ጣራ እንየው።

ቆርቆሮ ጣራ ሲበሳ የሚያፈስሰው በመበሳቱ ሳይሆን አከዳደኑ ሲሳሳት ነው። ቧንቧው ከሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ እኛ ቀሚስ የምንለው ከላሜራ የተሠራ ክዳን ይደረጋል። ምስጢሩ ሁሉ የቀሚሱ አቀማመጥ ነው። በላይ በኩል ያለው ጠርዙ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይገባል፤ በታች በኩል ያለው ጠርዙ ደግሞ ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ ይውላል። ከአናት የሚወርደው ውሃ በቀሚሱ ላይ አልፎ ወደ ታች ይሄዳል እንጂ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። ብዙ ሰው ቀሚሱን ከላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በሲሊኮን ይለጥፈዋል። ሲሊኮኑ የቧንቧውን ሙቀት ለረጅም ጊዜ አይችልም፤ ውሎ አድሮ ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ሰው «ጣራ መብሳት ያፈስሳል» ይላል። ከዋናው ቀሚስ በላይ ሁለተኛ ትንሽ ቀሚስ ቧንቧው አንገት ላይ ይታሰራል፤ በቧንቧው ላይ የሚንሸራተተውን ዝናብ ይገፋል። ቀዳዳውን ከኮልሞው፣ ማለትም ከጣራው አናት፣ አጠገብ ካደረግነው ደግሞ ከላዩ የሚወርደው ውሃ ጥቂት ስለሚሆን ሥራው ይቀላል።

ቁመቱን በተመለከተ በብዙ አገር የሚሠራበት ደንብ አለ፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ቧንቧው ከጣራው ከወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ፣ ኮልሞም ይሁን የጎረቤት ግድግዳ፣ ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ይብለጥ። ንፋስ ጣራ አናት ላይ ሲያልፍ ከወዲያ በኩል ወደ ታች ይደፋል፤ ከአናት በታች የቀረ ቧንቧ ያንን ነው የሚውጠው።

የዝናብ ባርኔጣውም ጭስ ሊያፍን ይችላል። በቧንቧው አፍና በባርኔጣው መካከል ያለው ክፍተት ቢያንስ የቧንቧውን ወርድ ግማሽ ይሁን። ቧንቧው 15 ሴንቲሜትር ከሆነ ክፍተቱ ከ7 ሴንቲሜትር ተኩል አይነስ። ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ ባርኔጣው አፉ ላይ የተደፋባቸውን ብዙ አይቻለሁ፤ ዝናቡም አልገባም፣ ጭሱም አልወጣም።

አሁን ግድግዳ። አንዳንድ ቤት ግድግዳ እንጂ ሌላ መንገድ አይኖረውም። ከላዩ ፎቅ ያለበት ወይም የሣር ክዳን ያለው ቤት እንዲህ ነው። በሣር መካከል ትኩስ ቧንቧ አላሳልፍም፤ ማንም ቢጠይቀኝ እምቢ እላለሁ። ያን ጊዜ ቧንቧው በአጭሩ ከግድግዳው ይወጣል፤ ውጭ ላይ ግን አያቆምም። ተነስቶ እንደሌላው ሁሉ ከጣራው አናት በላይ ይሄዳል፤ ከሣሩ ክፈፍም በደንብ ይርቃል። ከታች በሚታጠፍበት ቦታ ጥቀርሻ የሚጠረግበት ክዳን ይደረግለታል። ይህ ሁሉ ተደርጎም በእኛ ብርድ ውጭ የቆመ ቧንቧ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ሲለኮስ ሰነፍ ነው። የሚቀጥለውን ቤት አትርሱ፤ በግድግዳ የወጣ ጭስ የጎረቤት መስኮት ውስጥ ይገባል።

በምን እንሥራው? አራት ዓይነት ነገር በእጃችን አለ።

ርካሹ ላሜራ ነው፤ ለማድ ቤታችንም የምመርጠው እሱን ነው። ዚንክ የተቀባው ዝገት ይችላል፣ ነገር ግን ነበልባል በሚደርስበት ቦታ ዚንኩ ስለሚቃጠል ጭሱ መርዝ ነው። ስለዚህ ከምድጃው የሚነሳው የመጀመሪያው ሜትር ጥቁር ላሜራ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ዚንኩ ይቀጥል። ስለ መገጣጠሚያው አንድ ነገር ልጨምር፤ ሠራተኛ ስትቀጥሩ ይህን አይታችሁ ሙያውን ትለኩታላችሁና። የላይኛው ቧንቧ ወደ ታችኛው ውስጥ ነው መግባት ያለበት። ሰው በዝናብ አስቦ በተቃራኒው ያደርገዋል። እርጥብ እንጨት ሲነድ በቧንቧው ውስጥ ዝፍት የመሰለ ጥቁር ውሃ ይወርዳል፤ መገጣጠሚያው ከተገለበጠ ያ ውሃ ወደ ውጭ እየተንጠባጠበ ግድግዳውን ያበላሸዋል።

ሁለተኛው የሸክላ ወይም የሲሚንቶ ቱቦ ነው። ሙቀት ይይዛል፣ አይዝግም፤ ግን ከባድ ስለሆነ ከሥሩ መሠረት ይፈልጋል። ሦስተኛው በጡብ የሚገነባ ነው። በተቃጠለ ጡብ ተገንብቶ ውስጡ በሸክላ ቱቦ ከተሸፈነ ልጅ ልጆቻችሁን ይጠቅማል። በብሎኬት ብቻ የተሠራው ግን በሙቀት ይሰነጠቃል፤ ጭሱም በስንጥቁ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። አራተኛው ከውጭ የሚመጣው ባለ ሁለት ድርብ አይዝጌ ብረት ነው፤ በድርቦቹ መካከል ሙቀት የሚከለክል ነገር አለበት። ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ዋጋው ግን ለእድር ካዝና አይሆንም።

የውሃ ማውረጃ ፕላስቲክ ቱቦ ለጭስ የተጠቀመ ሰው ቤት ገብቼ አውቃለሁ። እባካችሁ። ያ ፕላስቲክ ከ80 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል፤ ሲቃጠልም የሚያወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የድሮ አስቤስቶስ ቱቦ ካላችሁም አትቁረጡት፤ ብናኙ ካንሰር ያመጣል።

ነጠላ የላሜራ ቧንቧ ከእንጨትና ከኮርኒስ 45 ሴንቲሜትር ይራቅ። ጣራውን በሚሸከመው እንጨት፣ በሞራሌው፣ አጠገብ አስጠግቶ ማሳለፍ ዛሬ ምንም አያደርግም፤ እንጨቱ ግን ዓመት ዓመት እየደረቀና እየጠቆረ ይሄድና አንድ ሌሊት ይያያዛል። ኮርኒስ ካለ በዚያ ልክ ይቆረጥና በላሜራ ይዘጋ።

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል መጣሁ፤ ወደ ምጣዱ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ በምድጃም ነገር እውነት አለው። ምርጥ ምጣድ የምንለው የሲሚንቶ ምድጃ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ከወጣ ጀምሮ ብዙ ቤት ገብቷል። ወደ 60 ሴንቲሜትር የሚሆነውን ምጣድ ዙሪያውን ይከበዋል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ከኋላው ባለው ቀዳዳ ላይም ድስት ይጣዳል። እሳቱን ይሰበስባል፤ ጭሱ ግን በዚያ በኋላው ቀዳዳ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ቧንቧው የሚተከለው እዚያ ነው።

ታዲያ አንድ ችግር አለ፤ እሱንም የነገሩኝ መሐንዲሶች ሳይሆኑ ጋጋሪዎች ናቸው። ቧንቧው በኃይል ሲጎትት ነበልባሉን ይዞ ወደ ኋላ ይሮጣል። የምጣዱ ኋላ ይግላል፣ ፊቱ ይቀዘቅዛል። እንጀራው በአንድ ወገን ይደርቃል፤ በሌላው ወገን ዓይን አያወጣም። ጋጋሪዋ ታማርራለች፤ በወሩ ቧንቧውን አንስታ ትጥለዋለች፤ ትክክልም ናት። መፍትሔው ቧንቧው ውስጥ የሚዞር ክብ መዝጊያ ነው። ሲለኮስ ይከፈታል፤ ምጣዱ ከጋለ በኋላ ግማሽ ያህል ይዘጋል፤ ሙቀቱም ከምጣዱ ሥር ይቆያል። መዝጊያው ላይ ሁልጊዜ ቀዳዳ እተዋለሁ፤ ማንም ረስቶ ሙሉ በሙሉ ቢያዞረው ጭሱ መውጫ እንዳያጣ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ሁለት ጋጋሪ እናቶች ከእኔ ጋር ይቁሙ። ሊጥ ይዘው ይምጡ፤ የመጨረሻውን ልክ የሚወስነው እንጀራው ነው።

የእንግዳ ማረፊያ ያላችሁ ሁለት አባላት ስለ ሳሎን እሳት ማንደጃ ጠይቃችሁኝ ነበር፤ በአጭሩ ልመልስ። ያ ምድጃ የሚያጨሰው አፉ ሰፍቶ ቧንቧው ስለጠበበ ነው። የቧንቧው ስፋት ቢያንስ የአፉን ስፋት አንድ አሥረኛ መሆን አለበት። አፉ 80 በ60 ከሆነ 4,800 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ 25 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ቧንቧ 491 ስለሚሆን ይበቃል። እናንተ ያስገባችሁት 15 ሴንቲሜትር ያለውን ነው፤ እሱ 177 ብቻ ነው። በእኛ ከፍታ እንዲያውም 30 ሴንቲሜትር ብታደርጉት እመክራለሁ። ያ ካልተቻለ የምድጃውን አፍ አጥብቡት። መስኮቱንም ሁሉ አትዝጉ፤ አየር ካልገባ ጭስ አይወጣም።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ብወርድ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ይህ ሁሉ ወሬ የሚሠራው ቧንቧ ለተተከለለት ምድጃ ነው። የከሰል ማንደጃ ቧንቧ የለውም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ሰው «ጠርቷል» ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባዋል፤ በተለይ አራስ ባለችበት ቤት። ያ ጊዜ ነው አደገኛው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ራስ ያምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይነሳል፤ ሰውየው እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ ይተኛል። ይህ እድር እንዲህ ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ቀብሯል። ስማቸውን አልጠራም፤ ቤተሰቦቻቸው እዚህ ተቀምጠዋል። ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፤ ለቡና ሲገባ በር ይከፈት፤ ማታ ከቤት ይውጣ። ራሱን ያመመው ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ ውጭ አውጡት፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት።

ወደ ማድ ቤታችን ልመለስና ያሰብኩትን ልናገር። ሦስት ምጣድ አለን። ሦስቱንም በአንድ ቧንቧ እናገናኝ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ለገንዘብ ታስቦ እንደሆነ ገብቶኛል። አንዱ ብቻ ሲነድ ግን የሁለቱ ቀዝቃዛ አፍ አየር እየሳበ የመጎተቱን ኃይል ይገድለዋል፤ ሦስቱም ሲነዱ ደግሞ አይበቃም። ለየብቻ ይሁኑ። ወጪው የምትፈሩትን ያህል አይደለም። 15 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ቧንቧ ዙሪያው 47 ሴንቲሜትር ነው፤ 3 ሴንቲሜትር ለመታጠፊያ ብንጨምር 50 ይመጣል። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነው ላሜራ በመካከሉ ሲቆረጥ በትክክል ሁለት የ2 ሜትር ቧንቧ ይወጣዋል። የእኛ ማድ ቤት ከምድጃው ጀርባ እስከ ኮልሞው 3 ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ጨምሮ አንድ ምጣድ 4 ሜትር ቧንቧ፣ ማለትም አንድ ላሜራ ይበቃዋል። ለሦስቱ ሦስት፣ ለባርኔጣና ለቀሚስ አንድ፣ ለጥቁሩ የታች ክፍል ደግሞ አንድ ጥቁር ላሜራ፤ በድምሩ አምስት። የእጅ ዋጋ አልጠይቅም።

ከተሠራ በኋላ ሲለኮስ በመጀመሪያ ጥቂት ጋዜጣ ከቧንቧው ሥር ይንደድ፤ ቀዝቃዛው አየር ተገፍቶ ይወጣል። የሚጎትት መሆኑን ለማወቅ የሚጨስ የወይራ እንጨት ወደ ምድጃው አፍ ማስጠጋት ነው፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ ቧንቧው ይሠራል፣ ወደ ፊታችሁ ከመጣ ደውሉልኝ። እርጥብ ባሕር ዛፍ አታንድዱበት፤ ጥቀርሻውን የሚያበዛው እሱ ነው። ጥቀርሻ ሲበዛ ቧንቧው ውስጥ እሳት ይነሳና እንደ አውሎ ነፋስ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ የምድጃውን አፍ መዝጋትና ሰው ማውጣት እንጂ ውሃ መርጨት አይገባም። ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከመስቀል በኋላ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ያለበት ጆንያ ከላይ ወደ ታች እየተሳበ ይጠረግ። ከወጣቶቹ መካከል ሁለት ሰው ይመደብልኝ፤ አሳያቸዋለሁ።

የቀረው የእናንተ ውሳኔ ነው፤ አምስቱ ላሜራ ከእድሩ ካዝና ይገዛ ወይስ መዋጮ ይደረግ? ከተስማማችሁ የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት መሰላሌን ይዤ እመጣለሁ። የሚጋግሩት እናቶች ምጣዶቹ የት እንዲቀመጡ እንደሚፈልጉ አርብ ማታ ይንገሩኝ፤ ጣራው የሚበሳው በዚያ ልክ ነው።